«ውሃ እንዳይነካው»፦ ካቴተር ይዞ ለሚኖር ሕሙም የሚሰጠው ምክር ሲመዘን

መግቢያ

የሽንት ማስወገጃ ቱቦ ወይም ካቴተር ተደርጎለት ከጤና ተቋም ወደ ቤቱ የሚሰናበት ሕሙም አዘውትሮ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ውሃ እንዳይነካው» የሚለው ነው። ምክሩ አጭር በመሆኑ ለመናገርም ሆነ ለማስታወስ ይቀልላል። የሚናገረው ባለሙያም ሕሙሙን ከኢንፌክሽን ለመጠበቅ በማሰብ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ምክሩ ሲመረመር በከፊል የተሳሳተ፣ በከፊል ደግሞ ያልተሟላ ሆኖ ይገኛል። ከሕሙሙ ኑሮ ጋርም ስለማይገናኝ ሲጣስ አንድ ዓይነት፣ ሲከበር ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዳት ያስከትላል።

በሌላ በኩል ከባሕር ማዶ የሚመጡ የሕሙማን መመሪያዎች ካቴተር የያዘ ሰው ሊዋኝ እንደሚችል ይናገራሉ። እነዚህንም እንዳሉ ተርጉሞ ማደል አንድን ስሕተት በሌላ መተካት ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን የምክር ዓይነቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመዝናል፤ በመጨረሻም በሀገራችን የሚሠራ የጤና ባለሙያ ለሕሙሙ ሊሰጠው የሚገባውን ምክር ያመለክታል።

ጥያቄው ከመዘዞ ሲነሣ

ጉዳዩን በአንድ ቦታ ላይ አስቀምጦ መመልከት ይጠቅማል። መዘዞ ከጣርማ በር ተነሥቶ ወደ መሐል ሜዳ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኝ የሰሜን ሸዋ ደጋ ከተማ ናት። አየሯ ብርድ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ከሚወርድባቸው አካባቢዎች የምትመደብ ናት። በዚያ አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ሰባ የደረሰ አንድ አርሶ አደር ለአብነት ይታሰቡ። የፕሮስቴት ዕጢያቸው በማበጡ ሽንታቸው በድንገት ይዘጋል፤ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው ካቴተር ይደረግላቸዋል፤ የቀዶ ሕክምና ተራቸው እስኪደርስም ቱቦውን እንደያዙ ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ።

እኒህ አባት «መዋኘት እችላለሁ ወይ?» ብለው አይጠይቁም። የሚጠይቁት ሌላ ነው። ጸበል መጠመቅ ይፈቀድልኛል ወይ? ለጥምቀት በዓል ከሕዝቡ ጋር ወደ ውሃው ብቀርብ ምን ይለኛል? ወንዝ ወርጄ ገላዬን ልታጠብ ወይ? ልጄ ወገብህን ይሻልሃል ብሎ ፍል ውሃ ሊወስደኝ ነው፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? ሙስሊም ጎረቤታቸውም ካቴተር ቢይዙ ከሶላት በፊት ስለሚደረገው ትጥበት ተመሳሳይ ጥያቄ ይኖራቸዋል። እነዚህ ሁሉ በመሠረቱ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ካቴተር የያዘ ሰውነት ከውሃ ጋር እንዴት ይገናኝ የሚል ነው። «ውሃ እንዳይነካው» የሚለው ምክር ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ለመዝጋት ይሞክራል።

ምክሩ ቢከበር ምን እንደሚከተል ይታይ። ሕሙሙ ገላቸውን መታጠብ ይተዋሉ፤ ቱቦው በሚገባበት ቦታ ፈሳሽ ይደርቃል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ ሽታ ይፈጠራል። ሽታውን የፈራ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል፤ ከዕድርና ከማኅበርም ይርቃል። ምክሩ ቢጣስ ደግሞ የሚጣሰው በድብቅ ነው። ከረጢቱ በሰው ፊት እንዳይታይ ከቱቦው ይነቀላል፤ የቱቦው ጫፍ በክር ይታሰራል ወይም በጨርቅ ይወተፋል፤ ከውሃው ሲወጡም ያው ከረጢት መሬት ላይ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እንደገና ይሰካል። ተስፋ የቆረጠ ሕሙምም ቱቦውን በገዛ እጁ ሊጎትተው ይችላል። ፊኛ ውስጥ ያለው ኳስ ውሃ እንደያዘ ሲጎተት የሽንት መተላለፊያውን እንደሚቀድና እንደሚያደማ የድንገተኛ ክፍል ባለሙያዎች ያውቁታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትችት ይህ ነው። ምክሩ ሕሙሙን ከውሃ ሲከለክለው፣ ከሁሉ የሚከፋውን ድርጊት ማለትም ቱቦውን ከከረጢቱ ነቅሎ መክፈትን ግን አይከለክለውም። ስለዚያ አንድም ቃል አይናገርም።

ጀርሙ የሚገባው በየት ነው?

ምክሩ ለምን እንደተሳሳተ ለመረዳት ኢንፌክሽን የሚመጣበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጫፉ ኳስ ያለውና ከፊኛ እንዳይወጣ ሆኖ የተሠራው ካቴተር በአሜሪካዊው የሽንት አካላት ሐኪም በፍሬደሪክ ፎሊ ስም የሚጠራ የ1930ዎቹ ሥራ ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ የቱቦው ጫፍ ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ይንጠለጠል ስለነበር የሕሙሙ ሽንት በጥቂት ቀናት ውስጥ በባክቴሪያ ይበከል ነበር። ነገሩን የለወጠው ቱቦውንና ከረጢቱን አንድ ላይ አያይዞ ሳይከፍቱ የማቆየት አሠራር ነው። የዛሬው የካቴተር እንክብካቤ ሁሉ በዚህ ዝግ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው።

ዝግ ሥርዓቱ ቢጠበቅም እንኳ ካቴተር በፊኛ ውስጥ በቆየ ቁጥር በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ በሚሆን መጠን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘት ዕድል ይጨምራል፤ አንድ ወር ያህል በቆየ ጊዜም ከሞላ ጎደል በሁሉም ሕሙማን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል። ተሐዋስያኑ የሚገቡት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በቱቦው የውጭ ገጽና በሽንት መተላለፊያው መካከል ባለው ቦታ ሲሆን፣ ምንጫቸውም በአብዛኛው የሕሙሙ የራሱ አንጀትና ቆዳ ነው። ሁለተኛው በቱቦው ውስጥ ነው፤ ይህም የሚሆነው ሥርዓቱ ሲከፈት ወይም በከረጢቱ ውስጥ ያለ ሽንት ወደ ፊኛ ሲመለስ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በመጀመሪያ፣ ንጹሕ ውሃ በገላ ላይ ማፍሰስ ከሁለቱ መንገዶች አንዱንም አይከፍትም። እንዲያውም በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ የመጀመሪያውን መንገድ ያጠብባል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያም ካቴተር በሚቆይበት ጊዜ ቱቦው የሚገባበትን ቦታ በፀረ-ተሐዋስያን መድኃኒት መጥረግ አያስፈልግም፣ የዘወትር የገላ ንጽሕና ይበቃል ይላል። ሁለተኛ፣ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ ብቻውን ሕመም አይደለም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም የአእምሮ መደናገር የሌለበትን ሕሙም «ውሃ ገብቶብሃል» በማለት ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት መስጠት መድኃኒቱን የተላመደ ተሐዋሲ ከማፍራት ያለፈ ጥቅም አይሰጥም።

የባሕር ማዶ መመሪያዎች ብርታትና ጉድለት

የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ካቴተር ይዘው ለሚኖሩ ሰዎች ያዘጋጀው ምክር፣ ቱቦው አብዛኛውን የዘወትር ኑሮ ሊያግድ እንደማይገባ ይገልጻል። መዋኘትንም ከሥራ፣ ከስፖርት፣ ከጉዞና ከሩካቤ ጋር በአንድ ተርታ አስቀምጦ፣ መቼ መጀመር እንደሚቻል ባለሙያው ለሕሙሙ ይነግረዋል ይላል። የዚህ አቀራረብ ብርታት ግልጽ ነው። መነሻው ክልከላ አይደለም፤ ሕሙሙ ወደ ኑሮው የሚመለስ ሰው መሆኑን ይቀበላል።

በእነዚያ ሀገሮች ባለሙያዎች የሚሰጡት ዝርዝር ምክርም በአብዛኛው ትክክል ነው። ወደ ውሃ ከመግባት በፊት ከረጢቱ ይራገፋል፤ ትልቁ ከረጢት በእግር ላይ በሚታሰር አነስተኛ ከረጢት ይተካል፤ ቱቦው እንዳይጎተት በጭን ላይ በደንብ ይያያዛል፤ ከውሃ ሲወጡ ገላው በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ፊኛው በቂ ሽንት የመያዝ አቅም ካለውና ሕሙሙ መሙላቱ ከተሰማው፣ በከረጢቱ ቦታ የሚከፈትና የሚዘጋ የካቴተር ቧንቧ መግጠም ይቻላል። በሆድ በኩል ከእምብርት በታች የገባ ካቴተር ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው እስኪድን፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በውሃ ውስጥ መነከር አይፈቀድም።

ይሁን እንጂ እነዚህ ምክሮች ሳይናገሩ የሚታመኑባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ውሃው በክሎሪን የታከመ የገንዳ ውሃ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከረጢት፣ ማያያዣና የቧንቧ መክፈቻ እንደልብ ይገኛል የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ቱቦው ቢዘጋ በስልክ የሚጠራ ነርስ አለ የሚል ነው። በመዘዞ አካባቢ ለሚኖሩት አባት ሦስቱም አይሠሩም። ከዚህም ሌላ መዋኘትን ብቻ ነጥሎ የፈተሸ ጠንካራ የምርምር ማስረጃ ጥቂት በመሆኑ ምክሩ በአብዛኛው በባለሙያዎች ልምድና በአሠራሩ አመክንዮ ላይ የቆመ ነው። በአመክንዮ የቆመ ምክር ደግሞ ሁኔታው ሲለወጥ አመክንዮው እንደገና ሊሠራ ይገባዋል፤ ቃላቱን ብቻ ወደ አማርኛ ማዞር በቂ አይሆንም።

በዚህ ረገድ የሀገራችን የሕክምና ታሪክ ጥሩ አርአያ አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ የቢልሃርዝያን ጉዳይ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የእንዶድ ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይል የታወቀው ሕዝቡ ከውሃ ጋር የሚገናኝበትን ትክክለኛ ቦታ በማየት ነው። ካቴተር ለያዘ ሕሙም የሚሰጥ ምክርም የሚጀምረው ከዚያው ከወንዙ ዳር መሆን ይኖርበታል።

ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም

የደጋ ጸበል። ቅዝቃዜው ከጀርሙ ይልቅ ያሳስባል። በንጋት፣ ባዶ ሆድ፣ በብርድ ውሃ ሥር ቆሞ መጠመቅ ለአረጋዊ ሕሙም ልብና የደም ግፊት ፈተና ነው። ከስድስተኛው የደረት አንጓ በላይ የአከርካሪ ገመድ ጉዳት ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ ብርድ ወይም የተዘጋ ካቴተር የደም ግፊቱን በድንገት ወደ አደገኛ ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል፤ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ላብ ምልክቶቹ ናቸው። ከጸበሉ ጋር የሚያያዙ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። በጾም ምክንያት ለረጅም ሰዓት ውሃ አለመጠጣት ሽንትን አወፍሮ ቱቦው በጨው ክምችት እንዲዘጋ ያግዛል። በአንጻሩ ጸበሉን በብዛት መጠጣት ፊኛን በፍጥነት ይሞላል፤ የካቴተሩ ቧንቧ ተዘግቶ ወይም ጫፉ ታስሮ ከሆነ ሽንቱ ወደ ኩላሊት ይገፋል።

የቆላ ወንዝ። ከጣርማ በር ቁልቁል ተወርዶ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አካባቢ ባሉ ወንዞችና የመስኖ ቦዮች የአንጀት ቢልሃርዝያ ይተላለፋል። ተሐዋሲው በጤነኛ ቆዳ ዘልቆ የሚገባ ስለሆነ ካቴተር መኖሩ ወይም አለመኖሩ ለውጥ አያመጣም፤ በእነዚህ ውሃዎች መዋኘት ለማንም አይመከርም። የሽንት አካላትን የሚያጠቃው የቢልሃርዝያ ዓይነት በሀገራችን በጥቂት ቆላማ ሥፍራዎች የተወሰነ ሲሆን የአዋሽ ሸለቆ አንዱ ነው። ስለዚህ ለጉልበት ሥራ ወደዚያ ወርዶ የተመለሰ ሰው ካቴተር ይዞ ደም ሲሸና «ቱቦው ቧጭሮት ነው» ብሎ ማለፍ ሕመሙን ማሳለፍ ይሆናል። ሽንቱ በማይክሮስኮፕ ሊታይ፣ ተሐዋሲው ከተገኘም በፕራዚኳንተል ሊታከም ይገባል።

ፍል ውሃ። ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል። ለፕሮስቴት ሕመም እንደ ታምሱሎሲን ወይም ዶክሳዞሲን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሕሙም ከሙቅ ውሃ ድንገት ሲነሣ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ሙቅና በብዙ ሰው የሚጋራ የመነከሪያ ውሃ ሱዶሞናስን ለመሰሉ ባክቴሪያዎችም ይመቻል። በመሆኑም ከመነከር ይልቅ ለብቻ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ ቀስ ብሎ መነሣትና ሰው አብሮ እንዲሆን ማድረግ ይመረጣል።

ገንዳ። በአግባቡ በክሎሪን የታከመ የመዋኛ ገንዳ ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ነው፤ የባሕር ማዶው ምክርም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በጥምቀት ዕለት ሕዝብ ዘሎ የሚገባባቸው እንደ ጎንደሩ የፋሲል መዋኛ ያሉ ቦታዎች ግን የተለዩ ናቸው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበትና ግፊያ ያለበት ውሃ ቱቦ ለመጎተት የተዘጋጀ ቦታ ነው። ካቴተር የያዘ ሰው በዓሉን ከዳር ሆኖ፣ በሚረጨው ውሃ ተካፋይ ቢሆን ይመረጣል።

ቱቦውም ሁሉ አንድ አይደለም

ከላይ የተባለው ሁሉ የሚያገለግለው ቀዳዳው ለዳነና ሕመሙ ለተረጋጋ ሕሙም ነው። ውሃ ውስጥ መግባት የሌለባቸው ሕሙማን አሉ። የመጀመሪያዎቹ የፊስቱላ ጥገና የተደረገላቸው እናቶች ናቸው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ካቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል ጀምሮ በሀገራችን ብዙ እናቶች ይህን ሕክምና አግኝተዋል። ከጥገናው በኋላ ካቴተሩ የሚቀመጠው ፊኛው ባዶ ሆኖ ስፌቱ እንዲያርፍ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ለቀላል ፊስቱላ ከ7 እስከ 10 ቀናት በቂ መሆኑን አመልክቷል። በእነዚህ ቀናት ቱቦውን ለአፍታም ቢሆን ማሰር ወይም መዝጋት ጥገናውን ሊያፈርስ ስለሚችል፣ «ትንሽ ይዘጋ፣ ልጠመቅ» የሚለው ጥያቄ በግልጽ አይሆንም ሊባል ይገባዋል።

እንዲሁም በሆድ በኩል ካቴተር ከገባላቸው ገና ሳምንታት ያልሞላቸው፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ ትኩሳት ያላቸው፣ ሽንታቸው የረጋ ደም የሚያሳይ፣ ቱቦው የሚያፈስባቸው፣ ተቅማጥ የያዛቸው ወይም በአካባቢው ክፍት ቁስል ያለባቸው ሕሙማን ከመነከር ይቆጠባሉ። በባልዲ ውሃ መታጠብ ግን ለአብዛኞቹ ይፈቀዳል።

በተለይ በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት ፊኛቸው የማይሠራ ወጣቶችን በሚመለከት ሌላ መንገድ መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም። ጃክ ላፒደስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቁት፣ ሕሙሙ ራሱ በንጹሕ እጅ በየጥቂት ሰዓቱ ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን ካስወገደ በኋላ የሚያወጣበት ዘዴ፣ በፊኛ ውስጥ የሚቆይ ቱቦን ያስቀራል። እጁ የሚሠራለት ወጣት ይህን ቢማር ሽንቱን አስወግዶ ያለ ቱቦና ያለ ከረጢት ወደ ውሃ ይገባል። እንዲህ ያለውን ወጣት «ውሃ እንዳይነካህ» ከማለት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ በመጀመሪያ ይህ ቱቦ ለምን ተቀመጠለት የሚለው ነው።

ስለ ጸበል

አንዳንድ ባለሙያዎች ስለ ጸበል መናገር ከሙያቸው ውጭ መስሎ ስለሚታያቸው ጥያቄውን በዝምታ ያልፉታል፤ ሌሎች ደግሞ በተግሣጽ ይመልሱታል። ሁለቱም ሕሙሙን ከምክር ያርቃሉ። በዚህ ረገድ ከፀረ-ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ሊወሰድ የሚገባ ትምህርት አለ። መድኃኒታቸውን ትተው በእንጦጦና በሌሎች ቦታዎች ጸበል ብቻ የሚከታተሉ ሕሙማን ጉዳይ ባሳሰበበት ወቅት፣ በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒትና ጸበል ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። የእምነት አባትና የጤና ባለሙያ አንድ ቃል ሲናገሩ ሕሙሙ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ አይገደድም።

የካቴተር ጉዳይ ከዚያ ይቀልላል፤ ማንም መድኃኒቱን ተው አላለውምና። የሚያስፈልገው አጠማመቁን ማስተካከል ብቻ ነው። እንደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወዳሉ ቦታዎች የሚሄድ ሕሙም በውሃው ውስጥ ከመነከር ይልቅ ከራሱ ጀምሮ ቢፈስስበት ወይም ቢረጭበት፣ ስለ ቱቦውም ለአጥማቂው ካህን አስቀድሞ ቢነግር ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። በገላ ላይ የሚቀባው እምነት ቱቦው በሚገባበት ቦታና በቁስል ላይ እንዳይደረግ መንገርም ተገቢ ነው። ቅባት ነክ ነገሮች፣ ቫዝሊንም ሆነ ቅቤ፣ ከላቴክስ የተሠራ ካቴተርን እንደሚያበላሹ አብሮ ሊነገር ይገባል።

እንዴት ይነገር?

ምክር አጭር መሆን አለበት የሚለው ክርክር ትክክል ነው። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ሰፊ ትምህርት ለመስጠት ጊዜ የለም። ይሁንና «ውሃ እንዳይነካው» ከሚለው ብዙ ሳይረዝም እውነቱን የሚናገር ምክር መስጠት ይቻላል። ለምሳሌ ለተጠቀሱት አባት ነርሷ እንዲህ ልትላቸው ትችላለች፦

«አባባ፣ ገላዎን በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ አይፍሩ። ጸበልም ቢሆን ከላይ ቢፈስስብዎ ግድ የለም፣ ብርዱን ብቻ ይጠንቀቁ። ወንዝና ኩሬ ውስጥ ግን አይግቡ። ሊጠመቁ ሲሉ ከረጢቱን በታች በኩል ባለው መክፈቻ ያራግፉት፤ ቱቦውን ከከረጢቱ ፈጽሞ አይንቀሉት፣ አይሰሩትም። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከሆድዎ ዝቅ ይበል፣ መሬት ግን አይንካ። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። ሽንቱ መውረዱን ካቆመና ሆድዎን ካስጨነቀዎ፣ ወይም ካንቀጠቀጠዎ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ።»

ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከክልከላው የሚለየውም ሕሙሙ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለይቶ ማሳወቁ ነው። በተለይ «ቱቦውን ከከረጢቱ አይንቀሉት» የሚለው ቃል ከሁሉ በላይ እንዲታወስ ስለሚፈለግ፣ ምክሩ ካለቀ በኋላ ሕሙሙ ወይም አስታማሚው መልሶ እንዲናገረው ማድረግ ይጠቅማል። ከአልጋው ዳር ከረጢቱን በእጃቸው አስይዞ የታችኛውን መክፈቻ እንዲከፍቱና እንዲዘጉ ማድረግ ደግሞ ከቃል ይበልጣል።

ማጠቃለያ

«ውሃ እንዳይነካው» የሚለው ምክር ቀላል የሆነው ሦስት ጥያቄዎችን በማስቀረቱ ነው። ውሃው የቱ ነው? ቱቦው የገባበት ቦታ ድኗል? ሥርዓቱ ሳይከፈት መቆየት ይችላል? የባሕር ማዶው ምክር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በሚገባ ይመልሳል፤ የመጀመሪያውን ግን ለገንዳ ብቻ መልሶ ያልፋል። የሀገራችን ባለሙያ ሥራ ሦስቱንም በሕሙሙ ቀዬ መሠረት መመለስ ነው።

ከእነዚህም በፊት የሚቀድም አራተኛ ጥያቄ አለ፤ ይህ ካቴተር እስከ መቼ ነው? ሽንታቸው በድንገት ከተዘጋባቸው አረጋውያን መካከል ብዙዎቹ እንደ ታምሱሎሲን ያለ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀናት በኋላ ቱቦው ሲወጣላቸው በራሳቸው መሽናት ይችላሉ። ይህ ሙከራ ሳይደረግ ወራት የሚቆይ ቱቦ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ምክር ቢሰጥበት፣ አላስፈላጊ ሸክም ነው። ሙከራው ያልተሳካለት ሕሙም ደግሞ ቱቦው መቼ እንደሚቀየር ማወቅ ይገባዋል፤ ተራው የላቴክስ ካቴተር ከአራት ሳምንት በላይ፣ የሲሊኮኑ ደግሞ ከ12 ሳምንት በላይ ሊቆይ አይገባም።

በመሆኑም ካቴተር ይዞ የሚሰናበት ሕሙም በእጁ አንዲት ወረቀት ይዞ መሄድ ይኖርበታል። በወረቀቷ ላይ ቱቦው የገባበት ቀንና ምክንያት፣ ዓይነቱና ቁጥሩ፣ በኳሱ ውስጥ የተጨመረው ውሃ መጠን፣ የሚቀየርበት ወይም የሚወጣበት ቀን፣ ቢዘጋም የሚሄድበት ተቋም ይጻፋል። ከታችም ስለ ውሃ የሚናገሩ ሦስት ወይም አራት መስመሮች በአማርኛ ይጨመራሉ። መዘዞ ያሉት አባት ማንበብ ባይችሉ ልጃቸው ያነብላቸዋል፤ ሌሊት ቱቦው ቢዘጋም በጤና ጣቢያው ተረኛ የሆነው ባለሙያ ስንት ሚሊ ሊትር ውሃ ከኳሱ እንደሚያወጣ ሳይጠራጠር ያውቃል።